ለዋላ አደን የኮምፓውንድ ደጋን ሌት-ኦፍ አመራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች አሜሪካ ሄደው የዋላ አደን የጀመሩ የጎጃም ልጆችና አገር ቤት ሆነው ነገሩን የሚከታተሉ ዘመዶቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

ሌት-ኦፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ሌት-ኦፍ ማለት ኮምፓውንድ ደጋን (በጫፎቹ ላይ መዘውር የተገጠመለት ዘመናዊ ደጋን) ሙሉ በሙሉ ተስቦ ሲያበቃ በተኳሹ እጅ ላይ የሚቀረው ሸክም፣ በስበቱ መካከል ከነበረው ከፍተኛ ሸክም ምን ያህል እንደ ቀነሰ በመቶኛ የሚገልጽ ቁጥር ነው። አንድ ደጋን ሲሳብ እስከ 70 ፓውንድ ማለትም እስከ 32 ኪሎ ግራም ገደማ የሚከብድ ቢሆንና ሌት-ኦፉ 80 በመቶ ቢባል፣ ተስቦ ካለቀ በኋላ የሚቀረው 14 ፓውንድ ብቻ ነው። ከፍተኛውን ሸክም የመሳቢያ ክብደት፣ የሚቀረውን ደግሞ የመያዣ ክብደት እንለዋለን።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ላስቀድም። «ቀስት» በአንዳንዱ አፍ የሚጎብጠው፣ በሌላው አፍ የሚወረወረው ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የሚጎብጠውን ደጋን፣ የሚወረወረውን ፍላጻ ብዬ እጽፋለሁ። እናቱ ጥጥ ስትነድፍ ያየ ሰው ደጋን የሚለው ቃል እንግዳ አይሆንበትም።

የሚታደነው አጋዘን ነው ወይስ ዋላ?

ዋላ ነው። በልማድ ሁለቱን አንድ አድርገን አጋዘን እንላለን፤ ሆኖም የእኛ አጋዘን ቀንዱ ተጠማዝዞ የሚያድግና ዕድሜ ልኩን የማይወልቅ ሲሆን፣ የዋላ ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ዋላ ተብሎ የተተረጎመው የዚህ ወገን እንስሳ ነው። በሰሜን አሜሪካ በብዛት የሚታደነው ነጭ ጭራ ዋላ ሲሆን፣ ከሌት-ኦፍ ጋር የሚያገናኘው ጠባዩ እንቅስቃሴን ቶሎ ማየቱና ግማሽ አካሉን ከዛፍ ጀርባ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው።

ሸክሙ የት ይሄዳል? ጠፍቶ ነው ወይስ ተደብቆ?

በመተከል ቆላ የጉሙዝ አዳኞች እንደሚይዙት ባለው ባህላዊ ደጋን፣ አውታሩ ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር ሸክሙ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ደጋኑ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ የሚከብደው አዳኙ አነጣጥሮ መቆም በሚፈልግበት ቅጽበት ነው። የሚዙሪ ሰው የነበረው ሆሌስ ዊልበር አለን በደጋኑ ጫፎች ላይ ከመሐል ወጣ ብለው የተበሱ መዘውሮችን በማስገባት ይህን ነገር ገለበጠው፤ የፈጠራ ባለቤትነት ጥያቄውን እ.ኤ.አ. በ1966 አቅርቦ በ1969 ማረጋገጫውን አገኘ። ዛሬ ካም የሚባለው መዘውር ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቁላል የሞለለ ሆኗል። ካሙ ሲዞር አውታሩ የሚጎትተው ክንድ እየረዘመ፣ ክንፎቹን (የሚጎብጡትን የደጋኑን ሁለት ጎኖች) የሚያጎብጠው ኬብል የተጠመጠመበት ክንድ ደግሞ እያጠረ ስለሚመጣ፣ ስበቱ ሲያልቅ ተኳሹ በረጅም ድጅኖ ቋጥኝ ፈንቅሎ እንደያዘ ሰው ይሆናል፤ ቋጥኙ ያው ነው፣ እጁ ላይ ግን አይከብደውም።

ስለዚህ ጉልበቱ አልጠፋም፤ በጎበጡት ክንፎች ውስጥ ተከማችቷል። የስበቱን ሂደት በወረቀት ላይ ቢስሉት፣ መጀመሪያው ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚያወጣውን አቀበት፣ መካከሉ ከደጀን በኋላ ያለውን ሜዳ ይመስላል፤ መጨረሻው ላይ ሜዳው በድንገት ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ተኳሾችም ይህን ዝቅ ያለ ቦታ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ «ከዚህ በኋላ አልሳብም» የሚለውን ማቆሚያ ግድግዳ ይሉታል። አውታሩ ሲለቀቅ ፍላጻው ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይኸውም መጀመሪያ በዝግታ ተገፍቶ፣ ወዲያው በሙሉ ኃይል ይወረወራል ማለት ነው።

65፣ 80፣ 90 በመቶ የሚባሉት በእጅ ሲያዙ ምን ያህል ይለያያሉ?

የ70 ፓውንዱን ደጋን ይዘን ብናሰላው፣ 65 በመቶ ሌት-ኦፍ 24.5 ፓውንድ ወይም 11 ኪሎ ግራም ገደማ ያስቀራል፤ 75 በመቶ 17.5 ፓውንድ፣ 80 በመቶ 14 ፓውንድ፣ 85 በመቶ 10.5 ፓውንድ፣ 90 በመቶ ደግሞ 7 ፓውንድ ማለትም 3 ኪሎ ግራም ከጥቂት ያስቀራል። በለመድነው መስፈሪያ ስንናገር፣ ሲሳብ ከአንድ ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ከሌላ ግማሽ ጀሪካን በላይ የሚጎትተው ሸክም፣ በ85 በመቶ ሌት-ኦፍ ተስቦ ሲያልቅ ወደ አንዲት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይወርዳል።

መቶኛው ብቻውን ግን ያታልላል። 80 በመቶ የሚለቅ የ70 ፓውንድ ደጋን በእጅ ላይ 14 ፓውንድ ሲያስቀር፣ 75 በመቶ ብቻ የሚለቅ የ50 ፓውንድ ደጋን 12.5 ፓውንድ ያስቀራል፤ በመቶኛ ያነሰው በእጅ ላይ የቀለለ ሆነ ማለት ነው። ስለሆነም ሱቅ ገብተው «ስንት በመቶ ነው?» ከማለት ይልቅ «ስንት ፓውንድ ይቀርልኛል?» ብለው ቢጠይቁ ይሻላል።

ሌት-ኦፉ 90 በመቶ ከሆነ ከባዱን ደጋን ብገዛ ምን ችግር አለው?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ሌት-ኦፍ የሚጠቅመው አቀበቱ ካለቀ በኋላ ነው። 70 ፓውንድ የሚከብድ ደጋን 65 በመቶም ይልቀቅ 90 በመቶ፣ ሸለቆው ጋ ለመድረስ ያንኑ 70 ፓውንድ መሳብ ግድ ነው፤ እንዲያውም ሌት-ኦፉ ከፍ ባለ ቁጥር ከሜዳው ወደ ሸለቆው የሚወስደው ቁልቁለት ስለሚረዝም፣ ሳይተኩሱ ሲቀሩና አውታሩን መመለስ ሲያስፈልግ ደጋኑ ትከሻን በድንገት ነጥቆ ይዞ ይሄዳል። የትከሻ ጉዳት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምላሽ ላይ ነው።

እኔም በዚህ ተይዣለሁ። የመጀመሪያ ደጋኔን በበጋ፣ በቀጭን ሸሚዝ፣ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስስበው ስላልከበደኝ 70 ፓውንዱን ገዛሁ። በኅዳር አንድ ማለዳ ግን ወፍራም ካፖርት ደርቤ፣ ዛፍ ላይ በተሰቀለ ማማ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጬ ጣቶቼ ደንዝዘው ሳለ፣ ዋላው ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት መጣ። አውታሩ ከአቀበቱ ግማሽ ላይ ቆመብኝ። ደጋኑን ወደ ሰማይ አንሥቼ በሰውነቴ ሁሉ ልስበው ስል፣ ዋላው ቀና ብሎ አየኝና ነጭ ጭራውን እንደ ባንዲራ አንሥቶ ተፈተለከ። እኛ ጎጃም ያደግን ሰዎች ማማ የምናውቀው በሌላ ሥራው ነው፤ የእህል ጠባቂ ማማው ላይ ቆሞ ይጮኻል፣ ወንጭፍ ያስጮኻል፣ መታየቱም ሥራው ነው። የዋላ ማማ ላይ ግን ክንድን ከፍ ማድረግ ብቻውን አደኑን ያበላሻል።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ፦ በርጩማ ላይ ይቀመጡ፣ ፍላጻ ደግነው ወደ መለማመጃው ዒላማ ይዙሩ፣ ደጋኑን ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዞሩ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዙ፣ ከዚያም ቀስ ብለው ይመልሱት። ይህን አምስት ጊዜ ደጋግመው ሲያበቁ ትንፋሽዎ ካልተቆራረጠ ክብደቱ የእርስዎ ነው። ከተቆራረጠ አሥር ፓውንድ ይቀንሱ። አብዛኞቹ ደጋኖች በክንፎቹ ሥር ያሉትን ቡሎኖች በማላላት ከተሠሩበት ክብደት እስከ 10 ፓውንድ ገደማ ዝቅ ሊደረጉ ይችላሉ።

እንግዲያው ለዋላ አደን የትኛው ሌት-ኦፍ ይሻላል?

በእኔ አስተያየት ለአብዛኛው አዳኝ ከ50 እስከ 60 ፓውንድ የሚሳብና 80 ወይም 85 በመቶ የሚለቅ ደጋን ይበቃል። በ60 ፓውንድ ሲሰላ በእጅ ላይ 12 ወይም 9 ፓውንድ ይቀራል፤ ይህም ዋላው ከዛፍ ጀርባ እስኪወጣ ድረስ አንድ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል፣ በዚያው መጠን ደግሞ አውታሩን ወጥሮ ለመያዝ በቂ ነው። ለዋላ የሚያስፈልገው ዋናው ነገር የተሳለ ሰፊ ጫፍ ያለው ፍላጻ ሳንባ ላይ ማረፉ ስለሆነ፣ በቅርብ ርቀት 50 ፓውንድ አያንስም።

90 በመቶ የሚመከረው ትከሻው ወይም ክርኑ ለሚያመው፣ ዕድሜው ለገፋ፣ ወይም በጣም ብርዳም አገር ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ለሚያድን ሰው ነው። ወደ 75 በመቶ ዝቅ ማለት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ዒላማ ለሚተኩስና ሰውነቱ ለለመደው ይስማማዋል፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም፤ ዋላው በዘገየ ቁጥር ክንዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራልና።

ከፍ ያለ ሌት-ኦፍ ፍላጻውን ያዘገየዋል?

ትንሽ ያዘገየዋል። በክንፎቹ የሚከማቸው ጉልበት በስበቱ ወረቀት ላይ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ስለሆነ፣ ሸለቆው በጠለቀና በሰፋ ቁጥር ከዚያ ስፋት ጥቂት ይቀነሳል። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ከ80 ወደ 85 በመቶ መሄድ የሚያስቀንሰው ፍጥነት ግን በሰከንድ ጥቂት ጫማ ብቻ ነው፤ ሻጮች ስለዚህ ልዩነት የሚከራከሩትን ያህል ዋላው አይጨነቅበትም።

ምክንያቱን በስሌት ማየት ይቻላል። በሰከንድ 280 ጫማ ወይም 85 ሜትር ያህል የሚሄድ ፍላጻ 25 ሜትር ለመድረስ 0.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የአውታሩ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በ0.07 ሰከንድ ዋላው ጆሮ ይደርሳል። የደነገጠ ዋላ ለመሮጥ መጀመሪያ ዝቅ ስለሚል፣ ፍላጻው በጀርባው በላይ ያልፋል። በሰከንድ አምስት ጫማ መጨመር ይህን አይለውጠውም፤ ቀርቦ መተኮስና ድምፁ ያነሰ ደጋን መያዝ ግን ይለውጠዋል።

ደጋኑ ሲቀለኝ ዒላማ የምስተው ለምንድን ነው?

የመያዣ ክብደት ሸክም ብቻ አይደለም፤ አውታሩንና ክንድን በአንድ መስመር የሚወጥር ኃይልም ነው። ክብደቱ ወደ አምስትና ስድስት ፓውንድ ሲወርድ፣ አውታሩ ጉንጭ ላይ ትንሽ ቢደገፍ ወይም መያዣው በመዳፍ ውስጥ ጥቂት ቢጠመዘዝ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ያው ስሕተት በ14 ፓውንድ ቢፈጸም ግን ውጥረቱ ራሱ ያርመዋል። ለውድድር የሚተኩሱ ብዙ ሰዎች ዝቅ ያለ ሌት-ኦፍ የሚመርጡት በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ስንፍና ነው። ደጋኑ ሲቀል ጀርባ ሥራውን ይተዋል፣ እጅም ሳይታወቅ ወደ ፊት ይሸራተታል። መፍትሔው ደጋኑን መለወጥ ሳይሆን፣ ግድግዳው ላይ ከደረሱ በኋላም በጀርባ ጡንቻ መሳብን አለማቆም ነው።

ይዤ ቆሜ ሳለ ደጋኑ በድንገት ወደ ፊት የሚነጥቀኝ ለምንድን ነው?

ከሸለቆው ስለወጡ ነው። የአንዳንዱ ደጋን ሸለቆ ሰፊ ስለሆነ እጅ ጥቂት ወደ ፊት ቢሄድም ይታገሣል፤ ለፍጥነት ተብሎ የተሠራው ግን ሸለቆው ጠባብ ሆኖ፣ እጅ ከጣት ውፍረት ባልበለጠ መጠን ሲሸራተት ሙሉ ክብደቱ ይመለሳል። በመቶኛ እኩል የሆኑ ሁለት ደጋኖች በእጅ ላይ የተለያዩ የሚሆኑት በዚህ ስለሆነ፣ ወረቀት አንብቦ ብቻ ደጋን መግዛት አይገባም።

የመሳቢያ ርዝመቱ፣ ማለትም አውታሩ ተስቦ እስኪያልቅ ያለው ርቀት፣ ለቁመትዎ ትክክል መሆኑንም ያስመርምሩ። ይህ ርዝመት ለክንድዎ ከበዛ ግድግዳው ጋ ሳይደርሱ ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ የተገዛው 85 በመቶ በእጅዎ ላይ 85 አይሆንም።

85 በመቶ ተብሎ የተሸጠልኝን ብለካው 80 ሆነ። ተታለልኩ?

ላይሆን ይችላል። ሌት-ኦፍ የሚለካባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ አውታሩ ሲሳብ ያለውን ሸክም ብቻ የሚወስድ ሲሆን፣ ሌላው አውታሩ ጥቂት ሲመለስ የሚታየውን ያነሰ ሸክም ጨምሮ ያሰላል። በመዘውሮቹና በኬብሎቹ መካከል ባለው ሰበቃ የተነሣ ሲሳብና ሲመለስ የሚታየው ክብደት አንድ ስላልሆነ፣ ሁለተኛው መንገድ ሁልጊዜ ከፍ ያለ መቶኛ ይሰጣል። አምራቹ የትኛውን እንደ ተጠቀመ ካልተጻፈ፣ ገዢው ሌላውን ለክቶ መጣላቱ አይቀርም።

በቤት ለመለካት የደጋን ሚዛን አውታሩ ላይ ያንጠለጥሉና ደጋኑን ቀስ ብለው እየጎተቱ ከፍተኛውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ግድግዳው አጠገብ ሲደርሱ ዝቅተኛውን ይመዝግቡ። ከከፍተኛው ዝቅተኛውን ቀንሰው፣ ውጤቱን ለከፍተኛው አካፍለው በ100 ያባዙት። 61 እና 12 ቢያገኙ ሌት-ኦፉ 80 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ በጣም ከሰፋ ግን አውታሩ ወይም ኬብሉ ረዝሞ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ካም ባለው ደጋን ላይ ደግሞ አንዱ ካም ከሌላው ቀድሞ ግድግዳ ጋ እየደረሰ ሊሆን ይችላል።

የደጋኔን ሌት-ኦፍ ራሴ መለወጥ እችላለሁ?

እንደ አሠራሩ ይለያያል። በአንዳንዱ ማቆሚያዋን ፈትቶ ወደ ሌላ ቀዳዳ ማዛወር ብቻ ይበቃል፤ በሌላው ካሙ ላይ የምትገጠመው ቁራጭ በሌላ ትተካለች፤ ጥቂቶቹ ጨርሶ አይለወጡም። ኬብሉን ማላላት የሚጠይቅ ሥራ ከሆነ የደጋን መጭመቂያ ማሽን ስለሚያስፈልግ፣ ያለ ማሽኑ አይሞክሩት፤ በተወጠሩት ክንፎች ውስጥ ያለው ጉልበት ሰው ይጎዳል። ከለወጡ በኋላም የመሳቢያ ርዝመቱ ጥቂት ሊለወጥ ስለሚችል ማነጣጠሪያውን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። ፍላጻ የሌለበትን አውታር ስቦ መልቀቅ ደግሞ ለሙከራ እንኳ አይደረግም፤ ፍላጻው ይዞት ሊሄድ የነበረው ጉልበት ተመልሶ ደጋኑን ይሰብረዋል።

ሌት-ኦፍን የሚገድብ ሕግ አለ?

የአሜሪካ የአደን ሕግ በየክፍለ ግዛቱ የተለያየ ነው። ብዙዎቹ ዝቅተኛውን የመሳቢያ ክብደት ይወስናሉ፤ ለምሳሌ በሚኒሶታ ለዋላ የሚያዘው ደጋን ቢያንስ 30 ፓውንድ የሚሳብ መሆን አለበት። ለሌት-ኦፍ ጣሪያ ያስቀመጡ ክፍለ ግዛቶችም ስላሉ፣ በተለይ 90 በመቶ ከመግዛትዎ በፊት የሚያድኑበትን ክፍለ ግዛት የዚያን ዓመት የአደን መመሪያ ያንብቡ። ደንቡ ስለሚለወጥ ያምና መመሪያ አይበቃም።

ከሕግ ውጭ የክብር መዝገብም አለ። በደጋን የታደኑ እንስሳትን የሚመዘግበው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተው ፖፕ ኤንድ ያንግ ክለብ፣ ከ65 በመቶ በላይ በሚለቅ ደጋን የተገደለን እንስሳ ለብዙ ዓመታት አይቀበልም ነበር፤ በኋላ ግን አቋሙን አላልቷል። አሮጌ ደጋኖች ላይ 65 በመቶ የሚለው ቁጥር የሚበዛው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ደጋኑን ይዤ ብመጣ ጎጃም ውስጥ ድኩላ ወይም ሚዳቋ ላድንበት እችላለሁ?

ያለ ፈቃድ አይቻልም። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት አደን የሚመራው በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ሲሆን፣ ፈቃድ ሳይኖር ማደን ወንጀል ነው። በዓባይ በረሃ ወይም በአንድ ደብር ደን ውስጥ የታየ ድኩላ ባለቤት የሌለው መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በሕግ ግን የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። ስለ አደን ፈቃድ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ደጋኑን ወደ አገር ስለማስገባትም ከጉዞው በፊት ጉምሩክን መጠየቅ ይገባል።

ፈቃድ ለሌለው ሰው የሚቀረው ዒላማ መለማመድ ነው። ለዚያ ብቻ ከሆነ ከ40 እስከ 50 ፓውንድ የሚሳብና 75 በመቶ የሚለቅ ደጋን ይሻላል፤ ዒላማው ከዛፍ ጀርባ እስኪወጣ መጠበቅ ስለሌለ በእጅ ላይ የሚቀረው አሥርና አሥራ ሁለት ፓውንድ አያደክምም፣ እጅንም ያረጋጋል።